የእንግሊዝኛዋን «ሃንድ» ከነፈሊጧ የመልመጃ ዝርዝር መመሪያ

«ሃንድ» ማለት እጅ ነው። ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሰዓት ሃንድ አለ። ፈረስ በሃንድ ይለካል። ካርታ ስትጫወቱ የደረሳችሁ ካርታ ሃንድ ይባላል። የእርሻ ሠራተኛም ሃንድ ነው። መድረክ ላይ ዘፍኖ ለጨረሰ ሰው ደግሞ «ትልቅ ሃንድ ስጡት» ይባላል። መዝገበ ቃላት ብትከፍቱ ትርጉሟ ገጽ ሙሉ ተዘርዝሮ ታገኙታላችሁ፤ ያንን ዝርዝር እንዳለ የሸመደደ ሰው ግን ከሳምንት በኋላ ብትጠይቁት ሁለቱን እንኳ አያስታውስም።

እኔ የምመክራችሁ መንገድ ሌላ ነው። የራሳችን አማርኛ በእጅ ፈሊጥ የታጨቀ ቋንቋ ነው፤ እጅ መንሻ፣ እጅ ከፍንጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ፣ እጅ እጅ አለኝ እያልን ነው የምንውለው። ይሄ ሀብት እንግሊዝኛውን ስትማሩ ብዙ ርቀት ይወስዳችኋል። አንዳንድ ቦታ ላይ ግን ክፉኛ ያሳስታችኋል። እንግዲህ ትልቁ ሥራ የትኛው እንደሚረዳን፣ የትኛው እንደሚያሳስተን ለይቶ ማወቅ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። እንግሊዝኛውን በፊደላችን የምጽፈው ድምፁ ቶሎ አፋችሁ ውስጥ እንዲገባ ነው፤ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

ደረጃ 1፦ ወሰኗን እወቁ

እኛ «እጄን አመመኝ» ስንል ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ የትም ሊሆን ይችላል። ክንድ፣ ክርን፣ መዳፍ የሚሉ ቃላት ሞልተውናል፣ ግን በወሬ መሀል ሁሉንም «እጅ» ብለን እናልፈዋለን። የእንግሊዝኛዋ «ሃንድ» ግን የእጅ አንጓ ላይ ታበቃለች። ከአንጓ በላይ ያለው «አርም» ነው።

ቀላል ነገር ይመስላል፤ ሐኪም ቤት ስትሄዱ ግን ቀላል አይደለም። ክርናችሁን አሟችሁ «ማይ ሃንድ ኸርትስ» ካላችሁ ነርሷ ጣታችሁን እያጣጠፈች ማየት ትጀምራለች። ስለዚህ አራት ቃላት አሁኑኑ ያዙ፦ አንጓ «ሪስት»፣ ክርን «ኤልቦ»፣ ክንድ «አርም»፣ ትከሻ «ሾልደር»። ክትባት የምትወጉት «አርም» ላይ ነው እንጂ «ሃንድ» ላይ አይደለም። እግርም ያው ጣጣ አለው፤ ከቁርጭምጭሚት በታች «ፉት»፣ ከዚያ በላይ «ሌግ»።

ለዚህ ሕግ አንድ ታዋቂ ልዩነት አለ። የእግር ኳሱ «ሃንድቦል» ስሙ ሃንድ ይሁን እንጂ በአሁኑ የጨዋታ ሕግ ክንድንም ይጨምራል፤ የላይኛው ወሰኑ የብብት ግርጌ ነው። ማራዶና እ.ኤ.አ. ሰኔ 22 ቀን 1986 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ እንግሊዝ ላይ ያገባት ጎል ግን በማንኛውም ሕግ ሃንድ ናት፣ የነካት በጡጫው ነውና።

ደረጃ 2፦ «እጇ ምን እየሠራች ነው?» ብላችሁ ጠይቁ

አዲስ ፈሊጥ ሲያጋጥማችሁ ወደ መዝገበ ቃላት ከመሮጣችሁ በፊት ይህን ጥያቄ ጠይቁ። እጅ የምትሠራው ነገር ውስን ነው። ታግዛለች፣ ትይዛለች፣ ትሠራለች፣ ታቀብላለች፣ ትጠቁማለች። አብዛኛው የሃንድ ፈሊጥ ከእነዚህ ከአንዱ ይወለዳል።

የምታግዘዋን የማይሰማ የለም። «ካን ዩ ጊቭ ሚ ኤ ሃንድ?» ማለት «እስቲ አግዘኝ» ነው። «ሌንድ ኤ ሃንድ»ም ያው ነው፣ ቃል በቃል እጅ ማበደር። ዕቃ ስታወርዱ፣ ሶፋ ስታነሱ፣ የቤት ሥራ ሲያቅታችሁ፣ ለሁሉም ይሠራል።

የምትይዘዋ እጅ ደግሞ ቁጥጥርን ታመለክታለች። ነገሩ «ኢን ሃንድ» ከሆነ በቁጥጥር ሥር ነው። «አውት ኦፍ ሃንድ» ከሆነ ከእጅ ወጥቷል፤ ይሄን እኛም እንላለን። «ዩ አር ኢን ጉድ ሃንድስ» ሲሏችሁ «አይዟችሁ፣ ጥሩ ሰው እጅ ላይ ናችሁ» ማለታቸው ነው። «ማይ ሃንድስ አር ፉል» ያለ ሰው እጁ ላይ ዕቃ ሞልቶ ሊሆን ይችላል፣ ሥራ በዝቶበትም ሊሆን ይችላል። «ሃንድፉል» ከቁስ ጋር ሲመጣ እፍኝ ነው፤ ስለ ሰው ሲነገር ግን ትርጉሙ ይለወጣል። ስለ ልጃችሁ «ሺ ኢዝ ኤ ሃንድፉል» ካሏችሁ አድካሚ ናት፣ ታስቸግራለች ማለት ነው። አስተማሪ እንዲህ ብላችሁ ፈገግ ካለች ምስጋና መስሏችሁ «ታንክ ዩ» አትበሉ።

የምትሠራዋ እጅ ሠራተኛው ራሱ ሆና ትመጣለች። «ፋርም ሃንድ» የእርሻ ሠራተኛ ነው። መርከበኞች «ኦል ሃንድስ» ሲባል ሁሉም ወደ ሥራ ይወጣል፤ ዛሬ ኩባንያዎች ሠራተኛውን በሙሉ የሚጠሩበትን ስብሰባ «ኦል ሃንድስ ሚቲንግ» የሚሉት ከዚያ የመጣ ነው። «ኦልድ ሃንድ» ሲባል ያረጀ እጅ እንዳይመስላችሁ፤ ሥራውን ዓመታት የሠራበት፣ የለመደው ሰው ነው። የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ሃንድስ ኦን ኤክስፒሪየንስ» ካያችሁ ደግሞ የሚፈልጉት በወረቀት የተማረ ብቻ ሳይሆን በተግባር የሠራ ሰው ነው። ይቺን በደንብ ያዟት፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ትመጣለች።

የምታቀብለዋን ለሚቀጥለው ደረጃ አቆይቻታለሁ፣ ብዙ ወሬ አላት። የምትጠቁመዋ ሰዓት ላይ ናት፤ እኛ ቆጣሪ የምንለውን እነሱ «አወር ሃንድ»፣ «ሚኒት ሃንድ»፣ «ሰከንድ ሃንድ» ይሉታል። «ሰከንድ ሃንድ» ሌላም ትርጉም እንዳላት ልብ በሉ፤ ያገለገለ ዕቃ ማለት ነው፣ ልብስ ከሆነ ሰልባጅ። ከዓረፍተ ነገሩ ትለዩታላችሁ። «ኦን ዘ ዋን ሃንድ፣ ኦን ዚ አዘር ሃንድ» ደግሞ የኛው «በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል» ነው፤ ድርሰት ለሚጽፍ ሰው የዕለት እንጀራ ነች።

ከአምስቱ ውስጥ የማይገቡም አሉ። ጭብጨባ አንዱ ነው፦ «ጊቭ ሂም ኤ ቢግ ሃንድ»። የፈረስ ቁመት ሌላው ነው። እኛ ሸማ በክንድ እንደምንለካ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ፈረስን በሃንድ ይለካሉ፤ አንዱ ሃንድ 4 ኢንች ነው፣ 10 ሳንቲ ሜትር ግድም። የሚገርመው አጻጻፉ ነው። 14.2 ብለው ሲጽፉ 14 ሃንድ ከ2 ኢንች ማለታቸው ነው እንጂ አስርዮሽ አይደለም። ከፈረስ ጋር ሥራ ከሌላችሁ እለፉት።

ደረጃ 3፦ ትንንሾቹን ቃላት አትናቁ

«ኢን»፣ «አውት»፣ «ኦቨር»፣ «ዳውን» የሚባሉት ትንንሽ ቃላት ሃንድን ሙሉ በሙሉ ይቀይሯታል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው።

ከማቀበል እንጀምር። «ሃንድ ኢን» ለአለቃ ወይ ለመምህር ማስረከብ ነው፤ አሳይመንታችሁን ሃንድ ኢን ታደርጋላችሁ። «ሃንድ አውት» ማደል ነው። ካምፓስ ያለፈ ሰው ሁሉ «ሃንድአውት» የሚለውን ያውቀዋል፣ መምህሩ የሚያድለው ወረቀት። ስሙን ስለምታውቁት ግሡን ለመያዝ አትቸገሩም። «ሃንድ ኦቨር» ርክክብ ነው፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ አማርኛ እያወራን እንኳ እንደዚያው የምንለው። «ሃንድ ዳውን» ከትልቅ ወደ ትንሽ ማውረስ ነው፤ ታላቅ ለብሶት ለታናሽ የወረደ ልብስ «ሃንድ ሚ ዳውን» ይባላል።

አሁን አንዲት «ስ» ጨምሩና ጉዷን እዩ። «ሃንድስ ዳውን» ማለት ያለ ምንም ጥርጥር፣ በቀላሉ ማለት ነው። «ሺ ዎን ሃንድስ ዳውን» ካሉ አሸንፋለች፣ ያውም ሳትለፋ። የመጣው ከፈረስ እሽቅድምድም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጋላቢው ማሸነፉን እርግጠኛ ሲሆን ልጓሙን ለቀቅ አድርጎ እጁን ዝቅ ያደርግ ነበር። «ሃንድስ አፕ» ደግሞ ወይ ክፍል ውስጥ «እጅ አውጡ» ነው፣ ወይ ፖሊስ «እጅ ወደ ላይ» ሲል ነው። «ሃንድስ ኦፍ» «አትንኩ» ነው፤ ለትልቅ ሰው ሲነገር ቁጣ አለበት።

ሌላ የሚምታቱ አራት አሉ። «ባይ ሃንድ» በእጅ የተሠራ ወይም በእጅ የተጻፈ ነው። «አት ሃንድ» ቅርብ ያለ ነው፣ በጊዜም በቦታም። «ኦን ሃንድ» ሲፈለግ የሚገኝ፣ የተዘጋጀ ነው። «ኢን ሃንድ»ን ቀደም ብለን አይተናል። እነዚህን አራቱን በአንድ ቀን አታጥኑ፤ ይደባለቃሉ። ለእያንዳንዱ አንድ ቀን ስጡትና ስለራሳችሁ ቤት አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

ደረጃ 4፦ ደብተራችሁን ለሦስት ክፈሉት

የመመሪያው ልብ እዚህ ነው። አንድ ገጽ ላይ ሁለት መስመር አስምሩና ሦስት ዓምድ አውጡ። የመጀመሪያውን «ይገጥማል»፣ ሁለተኛውን «ያሳስታል»፣ ሦስተኛውን «አቻ የለውም» በሉት። ከዛሬ ጀምሮ የምታገኙት የእጅ ፈሊጥ ሁሉ፣ የእንግሊዝኛም የአማርኛም፣ ከሦስቱ በአንዱ ይግባ።

«ይገጥማል» የሚለው ዓምድ ቶሎ ይሞላል። «ሃንድ ቱ ማውዝ» ከእጅ ወደ አፍ ነው፣ ልክ እንዳለ። «ኤምፕቲ ሃንድድ» ባዶ እጁን። «ማይ ሃንድስ አር ታይድ» እጄ ታስሯል። «ሬድ ሃንድድ» እጅ ከፍንጅ ነው፤ ቃል በቃል ቀይ እጅ ማለት ሲሆን የመጣው ከድሮ የስኮትላንድ ሕግ ነው፣ እጁ ላይ ደሙ ሳይደርቅ የተያዘ ሰው። ምሳሌያዊ አነጋገርም አለ። «ሜኒ ሃንድስ ሜክ ላይት ወርክ» ሲሉ እኛ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። የሚመግብህን እጅ አትንከስ የሚሉት አላቸው፤ እኛ ደግሞ «ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ» አለን። በጉርሻ ያደገ ሰው ይቺን ለማስታወስ ምንም ልፋት የለበትም።

«አይ ዋሽ ማይ ሃንድስ ኦፍ ኢት» ሲባል የጲላጦስን ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል፤ ከነገሩ እጄን አውጥቻለሁ፣ ተጠያቂ አይደለሁም ነው። ከማቴዎስ ወንጌል የመጣ ስለሆነ ለኛም ለነሱም አንድ ነው። ግን ከዚያው ወንጌል የመጣ አንድ ሌላ አለ፣ እሱ ወደ ሁለተኛው ዓምድ ነው የሚሄደው። ምጽዋት ስትሰጥ ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ የሚለውን እኛ በምስጢር መስጠት ብለን ነው የምናውቀው። በእንግሊዝኛ «ዘ ሌፍት ሃንድ ደዝ ኖት ኖው ዋት ዘ ራይት ሃንድ ኢዝ ዱዊንግ» ሲባል ግን ብዙ ጊዜ ስድብ ነው። አንዱ ክፍል የሠራውን ሌላው የማያውቅበት፣ የተዝረከረከ መሥሪያ ቤት ማለታቸው ነው።

ወደ «ያሳስታል» ገባን እንግዲህ፣ ጊዜ ስጡት። ቁጥር አንዱ አደገኛ «ጊቭ ኤ ሃንድ» ነው። ቃል በቃል እጅ መስጠት ነው፣ አማርኛው ግን «እጅ ሰጠ» ሲል ተሸነፈ፣ ተማረከ ማለት ነው። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስትሄዱ ወታደሮቹ እጅ ሰጡ ለማለት «ዘይ ጌቭ ኤ ሃንድ» ካላችሁ ወታደሮቹ ወይ አጨበጨቡ ወይ ረዱ ብሎ ነው ፈረንጁ የሚሰማው። ለሽንፈቱ «ሰረንደር» በሉ።

ሁለተኛው «ሾርት ሃንድድ» ነው። እኛ «እጅ አጥሮኛል» ስንል ገንዘብ የለኝም ማለታችን ነው። እነሱ «ዊ አር ሾርት ሃንድድ» ሲሉ የሰው ኃይል አንሶናል፣ ሠራተኛ ጎድሎናል ማለታቸው ነው። አለቃችሁ ይህን ሲል ለምን ችግሩን ይነግረኛል ብላችሁ አትዘኑለት፤ ትርፍ ሰዓት እንድትሠሩ እየጠየቀ ነው። ገንዘብ ለማጠሩ «ሾርት ኦፍ መኒ» የሚል አላቸው።

«እጅ በእጅ» ሦስተኛው ነው። ገበያ ላይ እጅ በእጅ ማለት ዱቤ የለም፣ ገንዘቡን ከፍለህ ዕቃውን ውሰድ ነው። «ሃንድ ኢን ሃንድ» ግን እጅ ለእጅ ተያይዞ መሄድ ነው፣ ለፍቅረኛሞችም ይሁን አብረው ለሚሄዱ ሁለት ነገሮች። «ሄቪ ሃንድድ» ደግሞ የኛውን «እጁ ከባድ ነው» ሊያስታውሳችሁ ይችላል፣ ሲመታ የሚያሳምም ሰው። የእንግሊዝኛው ሰፋ ይላል፤ ሳይመታም በአስተዳደሩ ጨካኝ የሆነን፣ ነገር የሚያበዛን ሁሉ ይጨምራል።

አንድ የምወደው ጥንድ ልጨምር። እነሱ «ኤ በርድ ኢን ዘ ሃንድ ኢዝ ወርዝ ቱ ኢን ዘ ቡሽ» ይላሉ፣ እጅህ ላይ ያለች አንዲት ወፍ ጫካ ካሉት ሁለት ትበልጣለች። እኛ ግን «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» እንላለን። አንዱ ይመክራል፣ ሌላው የሰውን ጠባይ ይታዘባል። ሁለቱን አንዱን በሌላው አትተርጉሟቸው።

ሦስተኛው ዓምድ የኛ ብቻ የሆኑት ናቸው። «እጇ ይጣፍጣል» የሚለውን ቃል በቃል ብትተረጉሙት ሰው ይደነግጣል፣ እጇን የቀመሳችሁት ነው የሚመስለው። «ሺ ኢዝ ኤ ግሬት ኩክ» ይበቃል። «እጅሽ ይባረክ» የሚባል የለም፤ በልታችሁ ስትጨርሱ «ዛት ዎዝ ዴሊሸስ፣ ታንክ ዩ» በሉ። «እጅ እጅ አለኝ» ለማለት «አይ አም ሲክ ኦፍ ኢት» አለ። «እጅ እግር የሌለው ነገር» ደግሞ በነሱ ሌላ የሰውነት ክፍል ይዟል፤ «አይ ካንት ሜክ ሄድ ኦር ቴል ኦፍ ኢት»፣ ራሱንም ጭራውንም መለየት አልቻልኩም። የነሱ ብቻ የሆኑትም እዚህ ይግቡ። «ላይክ ዘ ባክ ኦፍ ማይ ሃንድ» እንደ እጄ ጀርባ አውቀዋለሁ ነው፣ እኛ አብጠርጥሬ አውቀዋለሁ እንደምንለው። «አንደር ሃንድድ» በስውር፣ በተንኮል የሚሠራ ነው። «ሃንድሰም» የምትለዋም ከሃንድ የተወለደች ናት፤ ድሮ ለእጅ የሚመች ማለት ነበር፣ መልከ መልካም የሆነችው ኋላ ነው።

ደረጃ 5፦ ከፊቷ ያለውን ቃል አዳምጡ

«ጊቭ ሚ ኤ ሃንድ» አግዘኝ ነው። «ጊቭ ሚ ዩር ሃንድ» እጅህን ስጠኝ፣ ልያዝህ ነው፤ ደረጃ ላይ ለአሮጊት እናት የምትሉት ይሄኛውን ነው። «ሂ አስክድ ፎር ኸር ሃንድ» ሲሉ ደግሞ ለጋብቻ ጠየቃት ማለት ነው፣ እኛ ሽማግሌ ልኮ እንደምንለው። «ኤ»፣ «ዩር»፣ «ኸር»። ልዩነቱ ያለው እነዚህ ላይ ነው፤ አማርኛ «ኤ» የሚባል ነገር ስለሌለው ጆሯችን ይዘለዋል። ፊልም ስታዩ ወይ ሬዲዮ ስትሰሙ ሃንድ የሚል ድምፅ በመጣ ቁጥር አቁሙና ከፊቷ ምን ነበረ ብላችሁ ድገሙት።

ደረጃ 6፦ ሥራ ቦታ ላይ ሞክሯት

አሜሪካ ያሉ ብዙ ወገኖቻችን የሚሠሩበትን የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ ውሰዱ። ገና ስትገቡ ኃላፊዋ ነርስ «ዊ አር ሾርት ሃንድድ ቱናይት» ትላለች። ሰው ጎድሏል። «ካን ዩ ጊቭ ሚ ኤ ሃንድ ኢን ሩም ሲክስ?» ክፍል ስድስት ያለውን ሰው አልጋው ላይ ለማዞር አግዙኝ ነው። ወደዚያው እየሄዳችሁ «ሂ ኢዝ ኤ ሃንድፉል» ትላችኋለች፤ ያስቸግራል፣ ተዘጋጁ። «ኪፕ ሰም ግላቭስ ኦን ሃንድ» ጓንት ቅርብ አስቀምጡ። ሊነጋ ሲል «ዱ ዘ ሃንድ ኦፍ ቢፎር ዩ ሊቭ» ካለች ለቀን ፈረቃ ሰው የታማሚዎቹን ሁኔታ አስረክባችሁ ሂዱ ነው። ብሪታንያ ብትሆኑ ይሄኛውን «ሃንድ ኦቨር» ይሉታል። በአንድ ሌሊት አምስት ሃንድ፣ አንዷም ቀጥታ እጅ ማለት አይደለችም።

እናንተም የራሳችሁን ፈረቃ እንዲህ ጻፉት። ሱቅ ይሁን፣ ቢሮ ይሁን፣ ሰው ቤት ይሁን፣ ሃንድ የምትመጣባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ከጠዋት እስከ ማታ በቅደም ተከተል አስቀምጡ። የሌላ ሰው ምሳሌ ይረሳል፣ የራሳችሁ ውሎ አይረሳም። ከዚያ በሳምንቱ ውስጥ አንዷን ለሰው በአፋችሁ ተናገሯት፤ «ጊቭ ሚ ኤ ሃንድ»ን እንድትጀምሩባት እመክራለሁ፣ ቀላልም ናት፣ በየሰዓቱም ቦታ ታገኛለች።

ደረጃ 7፦ ራሳችሁን ፈትኑ

መልሱን ሳታዩ ትርጉሙን ጻፉ።

አንድ፦ «ዘ ፓርቲ ጋት አውት ኦፍ ሃንድ።»
ሁለት፦ «ፕሊዝ ሃንድ ኢን ዩር ኪይስ።»
ሦስት፦ «አይ ኸርድ ኢት ፈርስት ሃንድ።»
አራት፦ «ሺ ኢዝ አን ኦልድ ሃንድ አት ዚስ።»
አምስት፦ «ሽፍቶቹ እጅ ሰጡ» በእንግሊዝኛ።
ስድስት፦ «ዘንድሮ እጅ አጥሮኛል» በእንግሊዝኛ።

መልስ። አንደኛው ድግሱ ከቁጥጥር ውጭ ወጣ ነው። ሁለተኛው ቁልፋችሁን አስረክቡ። ሦስተኛው ከራሱ ከባለቤቱ ሰማሁት፣ ወሬ አቀባይ በመሀል አልገባም። እላይ ያልጠቀስኳት ይቺን «ሰከንድ ሃንድ»ን አስታውሳችሁ ካገኛችኋት ጎበዞች ናችሁ። አራተኛው ሥራውን የለመደች፣ ልምድ ያላት ናት። አምስተኛው «ዘ ባንዲትስ ሰረንደርድ»። ስድስተኛው «አይ አም ሾርት ኦፍ መኒ ዚስ ይር»። አምስትና ስድስት ላይ ሃንድ የምትል ቃል ከጻፋችሁ ወደ ሁለተኛው ዓምድ ተመለሱና እነዚያን ሁለቱን በቀይ አስምሩባቸው።